«መደብ» ምን ማለት ነው? የቃሉ ትርጉምና በመንግሥት አገልግሎቶች ያለው አጠቃቀም

አንድ ተገልጋይ የንግድ ሥራ ፈቃድ ለማውጣት፣ ለክፍት የሥራ ቦታ ለማመልከት ወይም ግብሩን ለማሳወቅ ሲቀርብ «መደብ»፣ «ምድብ»፣ «ዘርፍ» እና «ደረጃ» የሚሉ ቃላት ያጋጥሙታል። በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ብዙ ችግር አይፈጠርም። በመንግሥት ሰነድ ላይ ግን ቃላቱን አሳስቶ መረዳት ማመልከቻን ሊያስመልስ፣ ተጫራችን ከውድድር ሊያስወጣ፣ አልፎ ተርፎም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለሆነም ከእነዚህ ቃላት ዋነኛ የሆነውን «መደብ»ን በሚገባ ማወቅ ለተገልጋዩ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል።

የቃሉ መሠረታዊ ትርጉም

«መደብ» «መደበ» ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደ ቃል ነው። መመደብ ማለት ለአንድ ሰው ወይም ነገር የሚገባውን ቦታ ለይቶ መስጠት ነው። በባህላዊው ቤት ውስጥ በድንጋይና በጭቃ ከወለሉ ከፍ ተደርጎ የሚሠራው መቀመጫና መኝታ መደብ ይባላል። አትክልተኛም ችግኝ የሚያፈላበትን፣ ከዙሪያው መሬት ለይቶ ያዘጋጀውን ቦታ «የችግኝ መደብ» ይለዋል። በሁለቱም አጠቃቀሞች መደብ ወሰኑ የታወቀና ለአንድ አገልግሎት የተለየ ስፍራ ነው።

ከዚሁ ግስ «ምደባ» እና «ምድብ» የሚሉት ቃላት ይገኛሉ። ምደባ የመለየቱ ተግባር ሲሆን፣ ምድብ ደግሞ ተለይቶ የወጣው ክፍል ነው። የእግር ኳስ ውድድር «ምድብ ሀ» እና የፍርድ ቤት «ምድብ ችሎት» ለዚህ አብነት ይሆናሉ። በሰዋስው ትምህርትም «እኔ» አንደኛ መደብ፣ «አንተ» እና «አንቺ» ሁለተኛ መደብ፣ «እሱ» እና «እሷ» ሦስተኛ መደብ ይባላሉ። በእነዚህ ሁሉ አንደኛው ከሁለተኛው፣ «ሀ»ም ከ«ለ» አይበልጥም። ቃሉ የሚለየው ዓይነትን እንጂ ብልጫን አይደለም።

መደብ በንግድ ሥራ ፈቃድ

የንግድ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው «ለመነገድ» በጥቅሉ ሳይሆን ለተወሰነ የንግድ ሥራ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል ሥራዎችን ከሰፊው ወደ ጠባቡ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ስያሜና መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህም የፈቃድ መስጫ መደብ ይባላል። ነጋዴዎች በተለምዶ «ዘርፍ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለዚሁ መደብ ነው። ጅምላና ችርቻሮ፣ ማምረትና መሸጥ፣ አስመጪነትና ላኪነት የዕቃው ዓይነት አንድ ቢሆንም እንኳ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ለምሳሌ የጽሕፈት መሣሪያዎች ችርቻሮ ፈቃድ ያላት ነጋዴ ጠረጴዛና ወንበር ለማቅረብ በወጣ ጨረታ ብትሳተፍ፣ ዋጋዋ ዝቅተኛ ቢሆንም በዘርፉ የታደሰ ፈቃድ ባለማቅረቧ ውድቅ ልትደረግ ትችላለች። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነጋዴው ፈቃዱን ከተሰጠበት ዓላማ ውጪ እንዳይጠቀምበት ግዴታ ስለሚጥልበት፣ ጉዳዩ በጨረታ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ነጋዴዋ ሥራዋን ለማስፋት ስትፈልግ ለአዲሱ መደብ ተጨማሪ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅባታል። የንግድ መዝገብ ምዝገባ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም በመሆኑ እንደገና መመዝገብ አያስፈልጋትም።

አንዳንድ መደቦች ከፈቃዱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። መድኃኒት ቤት ለመክፈት የሚያመለክት ሰው በቅድሚያ ከሚመለከተው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ማረጋገጫ መያዝ ይኖርበታል። በመሆኑም ቤት ከመከራየትና ዕቃ ከመግዛት በፊት የመደቡን መስፈርት ማጣራት ከኪሳራ ያድናል።

መደብ በሥራ ማስታወቂያ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ «የሥራ መደቡ መጠሪያ» እና «ደረጃ» ተለይተው ይቀመጣሉ። የሥራ መደብ ማለት አንድ ሠራተኛ እንዲያከናውናቸው የተለዩ ተግባራትና ኃላፊነቶች ስብስብ ነው። ሠራተኛው ቢዛወር ወይም ጡረታ ቢወጣ መደቡ በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ውስጥ ይቀራል፤ «ክፍት የሥራ መደብ» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ደረጃው ደግሞ ሥራው ተመዝኖ ያገኘው ቦታ ሲሆን የደመወዙ መሠረት ነው። አመልካቹ በቅጹ ላይ መጠሪያውንም ሆነ የመደብ መታወቂያ ቁጥሩን ከማስታወቂያው እንዳለ መገልበጥ ይኖርበታል፤ ተመሳሳይ መጠሪያ ያላቸው መደቦች ሊኖሩ ይችላሉና።

በግብር አከፋፈል «ደረጃ» እና «ሠንጠረዥ»

በግብር አገልግሎት በብዛት የሚምታቱት «ደረጃ» እና «ሠንጠረዥ» ናቸው፤ ሁለቱም በ«ሀ» እና በ«ለ» ፊደላት ስለሚለዩ። ደረጃ ግብር ከፋዩን የሚመለከት ሲሆን፣ ግለሰብ ነጋዴ የሚመደበው በዓመታዊ ገቢው መጠን ነው፤ ድርጅት ግን ገቢው ምንም ያህል ቢሆን ደረጃ «ሀ» ነው። ሠንጠረዥ በአንጻሩ የገቢውን ምንጭ ይለያል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ይስተናገዳል። ስለዚህ አንድ የንግድ ማኅበር ደረጃው «ሀ» ሆኖ፣ የራሱን የትርፍ ግብር በሠንጠረዥ «ሐ» ያሳውቃል፤ ከሠራተኞቹ ደመወዝ የቀነሰውን ደግሞ በሠንጠረዥ «ሀ» ገቢ ያደርጋል።

ከማመልከት በፊት

ተገልጋዩ ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ቢያቀርብ ይጠቀማል፤ የሚጠየቀው የሥራው ዓይነት ነው ወይስ መጠኑ? በእጁ ያለው ሰነድ ሊሠራው ያሰበውን ሥራ በስም ይጠቅሳል? መደቡ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቃል? መልሱ ግልጽ ካልሆነ በግምት ከመሙላት ይልቅ የመረጃ ዴስክ ባለሙያን መጠየቅ ይመረጣል። ፈቃዱን ሲረከብም ከመስኮቱ ሳይርቅ የመደቡን ስያሜ ማንበብ አለበት፤ ስሕተቱ በዚያው ቢገኝ ማስተካከሉ ቀላል ነው።