የጨጓራ ቍስልና የጨጓራ ነቀርሳ

ናፖሌዎን ቦናፓርት በቅድስት ኤሌና ደሴት በግዞት ሳለ ሆዱን እየታመመ በተሠቃየ ጊዜ፥ ሐኪሞቹ ከፊሎቹ በሽታው የጉበት ነው ይሉ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1821 ዓመት ሞቶ ሬሳው ሲመረመር ግን ጨጓራው ቈስሎ ተበስቶ፥ ቀዳዳውንም ጉበቱ ተጣብቆ ደፍኖት ተገኘ። ይህ ተራ ቍስል ነበረን ወይስ ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ? ክርክሩ ብዙ ዘመን ቈየ። በ2007 ዓመት ሊቃውንት የሬሳውን ምርመራ ጽሑፍ ከ50 ተራ ቍስሎችና ከ50 ነቀርሳዎች ምስል ጋር አስተያይተው፥ ርዝመቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ነቀርሳ ነበረ ሲሉ አስታወቁ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ሁለቱን በሕመሙ ስሜት ብቻ ለመለየት የማይቻል መሆኑን ነው። ሁለቱም ያቃጥላሉ፤ ሁለቱም ሆድ ይነፋሉ። በአገራችን «ጨጓራዬ ነው» እያለ ተልባ በመጠጣት ዓመታት የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ስሕተቱ ነፍስ ያስከፍላል።

የተራውን ቍስል ምክንያት ብዙ ሰው በበርበሬና በሐሳብ ያመካኛል። ነገር ግን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ተሐዋሲ መኖሩን አግኝተው፥ በ2005 ዓመት የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። አብዛኛው ቍስል ከዚህ ተሐዋሲና እንደ አስፒሪን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች የሚመጣ ነው። ተሐዋሲው በመድኀኒት ይጠፋል፤ ሳይታከም ብዙ ዘመን ከቈየ ግን ለነቀርሳም መንገድ ይከፍታል።

ተራው ቍስል ብዙውን ጊዜ ክብ፥ ጠርዙም ለስላሳና የተስተካከለ ነው። የነቀርሳው ጠርዝ ግን ያበጠና የተቦጫጨቀ ነው። ሆኖም ዐይን ይሳሳታልና፥ ሐኪሙ መብራት ያለበትን ቀጭን ቱቦ በጕሮሮ አስገብቶ ከቍስሉ ጠርዝ ብዙ ቅንጣት ሥጋ ይወስዳል፤ ይህም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። የመጨረሻው ፍርድ ከዚያ ይገኛል።

ሕመሙ በመድኀኒት መታገሡም ምስክር አይሆንም። የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰው መድኀኒት የነቀርሳውንም ሕመም ለጊዜው ያስታግሣል። ስለዚህ ሐኪሙ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ካለፈ በኋላ እንደ ገና ተመለስ ያለው እንደ ሆነ፥ በሽተኛው ተሽሎኛል ብሎ መቅረት አይገባውም።

ያለ ምክንያት መክሳት፥ ምግብ አልዋጥ ማለት፥ በጥቂት ጉርሻ መጥገብ፥ ማስመለስ፥ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቈር የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ነቀርሳው ሳይስፋፋ በጊዜ ቢገኝ የሚድን አለና፥ ሕመምን ከቤተ ሰብ መደበቅ ጀግንነት አይደለም።