የጤፍ እሸት የሚወደው ደገዛ

ጤፍ ውስጥ የሚዘል ሁሉ አንበጣ አይደለም። በዋግና በወሎ ጤፉ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ዛላው ላይ ከሚወጡት ተባዮች አንዱ ደገዛ ይባላል።

ገበሬው በስሙ ሲጠራው ቢኖርም፣ ሳይንስ የመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ነው። በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም የፌንጣና የአንበጣ ዘር አጥኚ የነበረው ዴቪድ ራግ ከኢትዮጵያ የተገኙ ናሙናዎችን መርምሮ ዴክቲኮይደስ ብረቪፔኒስ አለው። ከሚታወቁት ወገኖች ከአንዱም ስላልገጠመለት አዲስ ወገን ከፈተለት። በውጭ ጽሑፎች የሚጠራው በወሎ ስም ነው፤ ደገዛ በተመዘገበበት ጊዜ ዋግ ራሷ ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ያለች አውራጃ ነበረች።

ለመለየት ከአንቴናው መጀመር ይቀላል። የአንበጣ አንቴና አጭርና ወፈር ያለ ነው፤ የደገዛው ግን እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ኋላ ይረዝማል። ቀጥሎ ጆሮው ነው። አንበጣ የሚሰማው በሆዱ ጎን ባለ ስስ ቆዳ ሲሆን፣ ደገዛ የሚሰማው በፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ባለ ቀዳዳ ነው (ፈጣሪ ጆሮን የት የት እንደሚያስቀምጥ!)። ወንዱ የሚጮኸው የፊት ክንፎቹን እርስ በርስ እያፋተገ ነው። ክንፎቹ አጫጭር ስለሆኑ ከዚህ በቀር እምብዛም አይጠቅሙትም፤ አይበርባቸውም። ሴቷ ከኋላዋ እንደ ጎራዴ የሾለ ነገር አላት። የማያውቃት ሰው መንደፊያ መስሎት ይሸሻል፤ እሷ ግን እንቁላሏን አፈር ውስጥ የምትቀብርበት ነው።

አስቸጋሪዎቹ ጫጩቶቹ ናቸው። በዝናቡ ወራት ሲፈለፈሉ ክንፍ የላቸውም፤ ከሌሎች ዘመዶቻቸው ጋር ይምታታሉ። ባለሙያ ዝርያውን ለማረጋገጥ የሚያየው የደረሰውን ወንድ የጅራት መቆንጠጫ፣ የሴቷንም የእንቁላል መጣያ ስለሆነ፣ ጫጩት የያዘ ሰው ቆዳውን ገፍፎ እስኪያድግ መጠበቅ አለበት።

ደገዛን ከአንበጣ መለየት ለሰብል ጥበቃ ትልቅ ነገር ነው። የበረሃ አንበጣ መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሚጠበቀውም ከሩቅ በሚደርስ ወሬ ነው። ደገዛ ግን የሚወለደው እዚያው፣ ማሳውና ዳርቻው ውስጥ ነው፤ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ያፈራል። አድጎ የሚመርጠው ደግሞ የጤፉን አበባና ወተት የያዘውን ፍሬ ነው። ስለዚህ አገዳው ቆሞ፣ ቅጠሉም ለምልሞ ሳለ ምርቱ ሊያልቅ ይችላል።

ፎቶ አንስቶ ለግብርና ባለሙያ የሚልክ ሰው ከላይ ብቻ ባያነሳው ይሻላል። አንቴና በቀላሉ ይሰበራል፤ የተሰበረበት ደገዛ በአንድ እይታ አንበጣ ሊመስል ይችላል። የፊት እግሩና ጅራቱ ከጎን ከታዩ ግን ብዙም አያሳስትም።