ተቀበል ሲሉት የሚቀበል ደራሲ

ግጥሙን ራሱ ገጥሞ፣ ዜማውን ራሱ አውጥቶ፣ መሣሪያውንም ራሱ እየመታ፣ አሳታሚ ሳይመራው ደመወዝ ከፋይም ሳይገዛው በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚዘፍን ሰው ዛሬ ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት ይነገርለታል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከሰርግ ወደ ግብር አዳራሽ፣ ከጠጅ ቤት ወደ ገበያ ሲዘዋወር የኖረ ስለ ሆነ፣ አዝማሪ ብለን ስሙን ብቻ ብንጠራው የማያውቀው አንባቢ የለም። ታዲያ ስሙ የታወቀውን ያህል ሥራው ታውቋል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው አዝማሪን የሚያየው በሳቅና በጨዋታ መካከል ስለ ሆነ፣ ይህ ሰው ያን ስንኝ ከወዴት አመጣው፣ እንዴትስ በዚያች ቅጽበት ቤት አስመታው ብሎ ለመመርመር ፋታ አያገኝም፤ ጥያቄው በኅሊናው በመጣበት ጊዜም ዘፈኑ ወደ ሌላው ገበታ ተሻግሮ፣ የጎረቤቱ ስም እየተነሣ ይገኛል።

አስቀድመን በእጁ የያዘውን ዕቃ እንመልከት። ማሲንቆ አንዲት ክር ብቻ ያላት መሣሪያ ናት። ክሯ የፈረስ ጭራ ነው፤ ገላዋ በአራት ማዕዘን የተሠራ እንጨት ሆኖ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ደጋኗም እንዲሁ በፈረስ ጭራ የተወጠረ ስለ ሆነ፣ ጭራ በጭራ ላይ ሲፈተግ አዳልጦት ድምፅ እንዳያጣ ሙጫ ይቀባል። የግራ እጅ ጣቶች ክሯን ከእንጨቱ ጋራ አጣብቀው አይጫኗትም፤ ከጎን ይነኳታል እንጂ፤ በዚህም ምክንያት ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር እንደ ሰው ጉሮሮ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ቅኝቱ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ አዝማሪው ሲዘፍን ማሲንቆዋ ቃሉን ተከትላ ታዜማለች፤ እርሱ ሲያቋርጥ ደግሞ ዜማውን ለብቻዋ ተቀብላ አንድ ጊዜ ታዞረዋለች። ሰሚው ይህቺን ዕረፍት ለጆሮ ማጣፈጫ የገባች አድርጎ ይገምታታል። ለባለሙያው ግን የሥራው ዋና ሰዓት እርሷ ናት፤ የሚቀጥለውን ስንኝ የሚያስበው ጣቶቹ በልማድ ሲሮጡ፣ ዐይኖቹ በእንግዶቹ ፊት ላይ ሲንከራተቱ በዚያች መካከል ነውና።

የአዝማሪ ግጥም ሁሉ በቅጽበት የሚወለድ ነው እየተባለ ይወራል፤ እኔ ግን ይህን ምስጋና ጥቂት ሳልቀንስ ልቀበለው አልችልም። አብዛኛው የዘፈን ግጥማችን የተሠራበት የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ እያንዳንዱን ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ካላቸው ሁለት ሐረጎች የሚያቆም ሲሆን፣ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሥር ሆኖ ሙያውን የተማረ አዝማሪ ስድስት ቀለም የሚሞሉ እጅግ ብዙ ሐረጎችን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ይዟል፤ የጀግና ማሞገሻ፣ የውብ ሴት ማድነቂያ፣ የባለጠጋ ማለዘቢያ አለው፤ በዚህም ውስጥ የእንግዳውን ስምና የትውልድ አገር ብቻ እየለዋወጠ ሲያስገባ ግማሹ ሥራ ተፈጽሟል። ደግሞም የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ መንደርደሪያ ነው፤ ነገሩ ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥሩ ገጣሚ አስቀድሞ የሚያበጀው መጨረሻውን ሲሆን፣ የመጨረሻው ቃል ቤቱን ከሰጠው በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መግቢያውን ይሠራለታል፤ ሰሚው ግን ከመግቢያው ጀምሮ ስለሚሰማ የግጥሙ አካሄድ ከመነሻ ወደ መድረሻ የፈሰሰ ይመስለዋል።

ይህ የአእምሮ ሥራ ከቤተ ክህነቱ ቅኔ ጋራ ያለው ዝምድና፣ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ባይወዳደዱም፣ የሚካድ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በጎንደር የቅኔ ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ሲወጣ፣ ሰምና ወርቁን ለይቶ፣ ሌላ ሰው የተናገረውን ሳይደግም፣ ለዕለቱ በዓል የሚስማማ አዲስ ምሥጢር ማምጣት ይገባዋል። አዝማሪውም እንዲሁ ለዕለቱና ለተቀመጠው ሰው የሚስማማ ነገር ማምጣት አለበት። ልዩነቱ ጊዜውና ዳኛው ነው፤ ተማሪው ከሰው ተለይቶ የሚያስብበት ሰዓት አለው፣ የሚያርሙትም የኔታ ናቸው፤ አዝማሪው ያለው ማሲንቆዋ አንድ ጊዜ እስክትዞር ያለችው ዕረፍት ብቻ ስትሆን፣ የሚዳኙት ደግሞ ሦስተኛ ብርሌያቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ከነዚህ መካከል የቅኔ ቤት ያየ ሰው ተቀምጦ የተገኘ እንደ ሆነ ያ ሌሊት የታደለ ነው።

አንድ ምሽት ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ጠባብ አዝማሪ ቤት ሳለን መብራት ጠፋ። ሻማ እስኪመጣ ድረስ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ፤ ማሲንቆው ግን አልተቋረጠም። ሻማው በገባ ጊዜ በማዕዘኑ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሙቀቱ ስለ በረታባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ በራሳቸውም ላይ አንዲት ጠጉር አልነበረችም። አዝማሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ፦

መብራት ጠፋ ብለን ስንፈራ ስንፈራ፣
ባርኔጣው ቢነሣ ቤቱ ሁሉ በራ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰሙ የእንግዳው ግርማ ጨለማውን ገፈፈልን የሚል ሙገሳ ስለ ሆነ ሽማግሌው ይቆጡ ዘንድ በቂ ምክንያት የላቸውም፤ ወርቁን ያልተረዳ ሰው ደግሞ በዚያ ቤት አልነበረም። እርሳቸውም አልተቆጡም፤ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው «ተቀበል!» አሉ። «እሺ ጌታዬ» አለ አዝማሪው፣ ጆሮውን ወደ እርሳቸው አዘንብሎ።

የኔን ጠጉር ዕድሜ ወሰደው በተራ፤
ያንተስ ጌታ ማነው? አንድ የፈረስ ጭራ።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው፦ ተቀበል የተባለ አዝማሪ የተሰጠውን ስንኝ፣ ራሱን የሚነካ ቢሆንም እንኳ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል በዜማው ላይ አድርጎ ለቤቱ ሁሉ ማሰማት ይገባዋል። እንግዳው በግማሽ ሐረግ በግማሽ ሐረግ እያቀበለው፣ እርሱ ደግሞ እየተቀበለ ያዜመዋል። ያም አዝማሪ የተተኮሰበትን ስንኝ እንደ ራሱ ግጥም አሳምሮ ዘፈነው፤ ከመጨረሻው ሐረግ ሲደርስም ድምፁን አርዝሞ፣ ደጋኑን ከፍ አድርጎ ጭራውን ለታዳሚው አሳየ። ሽማግሌው ብድግ ብለው አንድ ብር ኖት በግንባሩ ላይ ለጠፉለት።

የሽማግሌው ጥያቄ ለቀልድ የተነገረ ቢሆንም ስለ ዘፋኝ ነጻነት ከሚሰጠው ብዙ ሐተታ ይልቅ ለጉዳዩ የቀረበ ይመስለኛል። የጥንቱ አዝማሪ በመኳንንት ደጅ የሚኖር እንደ ነበረ፣ የዛሬው ደግሞ ከቤቱ ባለቤት ከሚያገኘው ይልቅ በእንግዳ ሽልማት እንደሚኖር እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ሰው ነጻ ነው ብንል ጌታ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ጌቶቹ ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ጌትነት ከአንድ ስንኝ አይረዝምም። ከዚህኛው ገበታ ያመሰገነውን ከዚያኛው ገበታ ቢሸነቁጠው፣ የነጋዴውን ቸርነት ካነሣ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ የኪሱን መክበድ ቢያነሣበት፣ ማንም በጥቅሉ ይህ የኔ ሰው ነው ሊለው አይችልም። ግጥሙንም የሳለው ይኸው ይመስለኛል። ለአንድ ጌታ ብቻ የሚዘፍን ሰው ሙገሳው ሊደነዝዝ ይችላል፤ በየደቂቃው ጌታ የሚለውጥ ሰው ግን የእያንዳንዱን ፊት ሳያነብ ሊያድር አይችልም። ብዙ ጊዜ አብራው የምትዘፍነውና እስክስታ የምትመታው ሴት፣ ሚስቱም ትሁን እኅቱ፣ ከዚህ ንባብ ግማሹን የምትሠራለት ናት፤ እርሷ እየተውረገረገች በገበታዎቹ መካከል ስታልፍ ማን እንደ ተከዘ፣ ማን ለመስጠት እጁን ወደ ኪሱ እንደ ላከ ታያለች።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው በአገሩ ልማድ የተናቀም የተፈራም ሆኖ ኖሯል። አዝማሪዎች እንግዳ እንዳያውቅባቸው በመካከላቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ ያላቸው ሲሆን፣ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው ያን ቋንቋ አጥንቶ ጽፎበታል። ልጁ ማሲንቆ ይዞ ቢያገኘው የሚቆጣ አባት፣ በሰርጉ ቀን አዝማሪ ቢቀርበት የሚያፍር ያው አባት ነበረ። ፍርሃቱ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋዜጣ ባልደረሰበት አገር የአዝማሪ ስንኝ ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ የሹምን ግፍና የፈሪን ሽሽት ያሰማ ስለ ነበረ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦንብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች ይፈጁ ዘንድ ትእዛዝ ካወጡባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮች ጋራ ተደርበው አዝማሪዎች ይገኙበታል። መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት አንዲት ክር ያላትን መሣሪያ እንደ ጠላት መቁጠሩ፣ ስለ ሙያው ኃይል ከእኛ ምስክርነት ይበልጣል።

የተቀረጸው የአማርኛ ዘፈን ታሪክ የተጀመረው ግን በአዝማሪ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ ይማሩ ዘንድ ወደ ጀርመን አገር የላኳቸው፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ፣ በዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ እርሳቸውም በግጥም ችሎታቸው የታወቁ የቤተ መንግሥት ሰው እንጂ ከአዝማሪ ወገን አልነበሩም። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበረ። ሰሚው እስኪጠግብ፣ ተቀበል ባዩም እስኪደክም የሚረዝመው ጨዋታ በሦስት ደቂቃ ሲቆረጥ፣ የሚቀረው አዝማሪው ብቻውን ያለው ነው፤ የሽማግሌው መልስ በሸክላ ላይ ስፍራ የለውም። በኋላም ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ቆየ፤ ዐምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ያን አጥር ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ከጀመረ ወዲያ፣ ደርግ መጥቶ አገር ጥሎ እስኪሄድ ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከመቶ በላይ ሸክላዎች ለገበያ አቀረበ። ይህ ሁሉ ለከተማው ዘፈን ትልቅ ሲሳይ ሆነ። በባንድ ሥራ ግን ሙያው ተከፋፈለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን የካሴት ልባስ ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ግጥም የአንዱ፣ ዜማ የሌላው፣ ቅንብር የሦስተኛው ሆኖ፣ የዘፋኙ ድርሻ ድምፁ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ መካከል አስናቀች ወርቁን ማንሣት ይገባል። በቴአትር መድረክ የታወቀችው ይህች ሴት ክራሯን ታቅፋ ስትቀመጥ የአዝማሪነትን ጨዋታ ያለ አዝማሪነት ዘር ወደ ከተማው መድረክ ያመጣች ነበረች፤ ክራሩ ስድስት ክሮቹን እያንሾካሾከ፣ እርሷ ግማሽ እየተናገረች ግማሽ እያዜመች በምታወርደው ግጥም ሰሚው በተለይ ለእርሱ የተነገረ ይመስለው ነበር። በ2004 ዓ.ም. አርፋለች። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ባሳተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ አንዱ ቅጽ የእርሷ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ለአዲስ አበባ አዝማሪዎች የተሰጠ ነው።

እነዚያ አዝማሪዎች የደረሱበት ዘመን ሰዓት እላፊው ከተነሣ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ማታ ከቤት መውጣት በተከለከለበት ከተማ፣ ሥራው ሁሉ የማታ የሆነ ሰው እንዴት እንደ ተቸገረ መገመት አያዳግትም፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ካዛንቺስን ጨምሮ በየሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች በረከቱ፣ ከተማውም እስኪነጋ መጫወትን እንደ ገና ለመደ።

ዛሬ ያለው ችግር ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ ሲሰፍር ወይም ሲቀረጽ፣ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ በሌሊት ተነግሮ በሌሊት የሚቀር ስንኝ በሕግ ፊት ባለቤት የለውም። እውነቱን ለመናገር አዝማሪው ይህን ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም፤ የትናንትናው ስንኝ ለዛሬው እንግዳ አይሆነውምና። የሚያስቸግረው ስልኩ ነው። ድሮ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቀረው ሽሙጥ አሁን ከገበታው ሥር በተነሣ ስልክ ተቀርጾ ሳይነጋ ባሕር ይሻገራል፤ ስንኙም ግዙፍነቱን ያገኘው በባለስልኩ እጅ ስለ ሆነ የገጣሚው ስም አብሮት አይሄድም፤ የተሸነቆጠው ሰው ስም ግን ይሄዳል። የቤቱ ሰው ሁሉ የሳቀበትን ነገር ቤቱ ያልነበረ ዘመድ በማግስቱ እንደ ስድብ አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ ልብ ብሎ የተመለከተ እንግዳ እንደሚያየው፣ ልምድ ያለው አዝማሪ ማሲንቆዋ ዜማውን በምታዞርበት ዕረፍት ፊትን ብቻ ሳይሆን እጅንም ማየት ጀምሯል፤ ስልክ የተነሣ እንደ ሆነ ቀድሞ ከያዛቸው ሐረጎች ሙገሳውን ያወርዳል፣ ስልኩ ወደ ኪስ ሲመለስ ደግሞ ወደ ሰውየው ቀረብ ብሎ ስሙንና አገሩን ይጠይቃል።