ጠይም ገጽ በካሜራ ፊት

በሙት ዓመት ዝክር በድንኳን ውስጥ ከፍ ብሎ የሚቆመውን የሟች ሥዕለ ገጽ ያስተዋለ ሰው፣ በሕይወት ሳሉ ጠይም የነበሩት እናት ቀይ ዳማ ሆነው፣ በግንባራቸው የነበረው የመስቀል ንቅሳት ተፍቆ፣ ዕድሜ የጻፈባቸው መስመር ሁሉ ተደምስሶ ሲያገኛቸው፣ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ «እኚህ እርሳቸው ናቸውን?» እስኪሉ ድረስ መልካቸው እንደ ተለወጠ ያያል። ይህን ጥፋት ያመጣው «ጥቁር ፊት ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ካልቀላ አያምርም» የሚለው እምነት ነው።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተወለደም። ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው፣ «የሸርሊ ካርድ» የሚባለው የቀለም መመዘኛ የነጭ ሴት ሥዕል ስለ ነበር፣ ለእርሷ ቆዳ የተስማማው ቀለም ለሰው ልጅ ሁሉ ሕግ ሆኖ ቆየ፤ የኩባንያው ባልደረቦች የነበሩ ሰዎች እንደ መሰከሩትም፣ ፊልሙ ጠቆር ያለውን ቀለም ለይቶ እንዲያሳይ የተሻሻለው፣ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች የሸቀጣችን መልክ አልታየም ብለው ካማረሩ በኋላ ነው። ይህ ግን የፊልሙ ጉድለት እንጂ የገጻችን ጉድለት አልነበረም። ማሊያዊው ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በባማኮ ስቱዲዮ ከፍቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግቢው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ያነሣቸው ሥዕላት፣ ጥቁር ገጽ በጥቁርነቱ ምን ያህል ጸዳል እንዳለው ይመሰክራሉ።

ዛሬ በቤት ውስጥ ፊት የሚጨልምበት ምክንያት ሌላ ነው። ካሜራ ብርሃንን ሲመዝን በፊቱ ያለውን ሁሉ ደምሮ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን እንደሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ እናታችን ነጭ ነጠላ ተከናንበው፣ በተከፈተ መስኮት ፊት ለፊት ሳይሆን መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው ሲቀመጡ፣ መሣሪያው በነጩ ብዛት ተታሎ ሥዕሉን በሙሉ ያጨልመዋል፣ ጉዳቱም በጠይሙ ገጽ ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ወንበራቸውን አዙሮ መስኮቱን በፊታቸው በስተጎን ማድረግ፣ ቢጫውን አምፖል ማጥፋት፣ በስልክም ከሆነ ጣትን በስክሪኑ ላይ በሚታየው ፊታቸው አሳርፎ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ጥቂት ወደ ላይ መግፋት ነው። ይህን ለማድረግ የማይታክት ፎቶ አንሺ ምንኛ ጥቂት ነው! ወንበር ማዞር የከበደው ሰው፣ በኋላ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የአንዲትን ባልቴት መልክ በሁለት ደቂቃ ሲያጠፋ ግን አይከብደውም፤ ገንዘብም ይቀበልበታል።

«ፍላሽ ካለ ሌላ ብርሃን ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ከፍላሽ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው ብርሃን በ2 ሜትር ያለው ሩቡን ብቻ ስለሚያገኝ፣ ዘመድ ተሰልፎ ሲነሣ የፊተኛው ይነጣል፣ የኋለኛው ይጨልማል፤ ወዝ ያለው ግንባርም ያብረቀርቃል። «በኋላ በኤዲት ይስተካከላል» የሚለውም ከንቱ ነው፤ ፈጽሞ ነጥቶ የቀረ ነጠላ ጥለቱ አይመለስም፣ በጨለማ የተዋጠም ዐይን ሲጎተት ነጠብጣብ ብቻ ይወጣዋል።

ማሳመር ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም፤ በእርሳስ ኔጌቲቭ ማስተካከል ከጥንት የነበረ ጥበብ ነው። የዕለት ብጉር ቢነሣ፣ ከአምፖሉ የመጣ ቢጫነት ቢጠፋ መልካም ነው። ባለቤቲቱ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ «ይህን መጨማደድ አለዝብልኝ» ቢሉ ግን እንቢ ማለት ይገባ እንደ ሆነ ለመፍረድ ይቸግረኛል፤ ገጹ የእርሳቸው ነውና። ንቅሳት፣ ጠባሳና የቆዳ ቀለም ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይነካ፤ ለፎቶ ቤት ሥዕል የሚሰጥ ቤተ ዘመድም ይህን አስቀድሞ በግልጽ ይንገር፣ ያልተነካውንም ዋና ቅጂ ሳይቀበል ሂሳብ አይክፈል።