ከቡስካ እስከ እጃጂ
የጉዞ ጸሐፊ መንገዱን ብቻ አይነግረንም፤ የቦታውን ታሪክና ባህልም ያሳየናል። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ፍቅረማርቆስ ደስታ ይመስለኛል። «ከቡስካ በስተጀርባ» እና «ኢቫንጋዲ» በተባሉት ልቦለዶቹ የሐመርን ኑሮ ለአማርኛ አንባቢ አስተዋውቋል። ቡስካ የሐመር ተራራ ነው፤ ኢቫንጋዲ ደግሞ የወጣቶች የሌሊት ጭፈራ። ስለኛው የምዕራብ ሸዋ አርበኛ ስለ ጄኔራል ጃገማ ኬሎም «የበጋው መብረቅ» ብሎ ጽፎልናል።

እኔ የእጃጂ ልጅ ነኝ። ከአምቦ ወደ ነቀምት የሚሄድ መንገደኛ ከተማችንን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋታል። ታሪኳ ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል። ታዲያ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጸሐፊ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን? ልቦለድ ባንጽፍም፣ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ስንሄድ ደብተር ይዘን እንጠይቅ፤ ስሙንና ዘመኑን አጣርተን እንጻፍ።