ወርቁን ማን አመጣው? በረዶው ወይስ ባሕሩ?

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ሴሚናር ሳቀርብ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ርዕሴ በአላስካ የምትገኘው የኖም ከተማ የባሕር ዳርቻ ወርቅ ነበር። ሰሌዳው ላይ ከባሕር ወደ የብስ የሚሄድ ቀስት ሣልኩና «ማዕበሉ ወርቁን ከባሕር አውጥቶ አሸዋው ላይ ጣለው» አልኩ። መምህራችን በጸጥታ ሰሙኝና «ባሕሩስ ከየት አመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከውጤቱ ይልቅ ጥያቄው ከነከነኝ፤ ምክንያቱም አጎቴ አንድ ጊዜ በሬውን ሸጦ ወርቅ ፍለጋ የሄደው «እዚያ ቦታ ወርቅ ይገኛል» የሚለውን ወሬ ብቻ ይዞ ነው። ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም። ባዶ እጁን ተመለሰ። ያን ቀን ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ።

በ1898 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ከኖም በስተጀርባ ካሉት ኮረብታዎች በሚወርደው አንቪል በሚባል ጅረት ውስጥ ወርቅ ተገኘ። በ1899 ደግሞ ባሕሩ ዳር ያለው አሸዋ ራሱ ወርቅ እንዳለው ታወቀ። አካፋና ማጠቢያ ሣጥን ያለው ሁሉ ይቆፍር ጀመር፤ በዚያው ዓመት ከአሸዋው ብቻ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ወርቅ ወጣ። በ1900 በተደረገው ቆጠራ ኖም 12,488 ነዋሪዎች ነበሯት። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ልክ እንደ እኔ ወርቁን ባሕሩ የሚተፋው ይመስላቸው ነበር። ይሁን እንጂ የአሸዋው ምርጥ ክፍል ቶሎ አለቀ፤ ብዙ ሰውም እንደ አጎቴ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ታዲያ ወርቁን ያመጣው ማን ነው? በረዶው ነው። በበረዶ ዘመን ከኮረብታዎቹ የወረደ የበረዶ ግግር ወርቅ ያዘሉ አለቶችን እየፋቀና እየፈጨ ወደ ባሕሩ ዳር ገፋቸው። ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ! በረዶ መሸከም እንጂ መለየት አያውቅም። ትልቁን ቋጥኝ፣ ጠጠሩን፣ ጭቃውንና ወርቁን አንድ ላይ ደባልቆ ይጥላል። ይህ ድብልቅ ቲል ይባላል። ወርቅ ቢኖረውም በጣም የተበተነ ስለሆነ ቆፍሮ ማጠቡ ብዙ ጊዜ ድካሙን አይከፍልም።

የባሕሩ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ማዕበል የቲሉን ገደል እየናደ አሸዋውን ያጥባል። ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ ኃይለኛ ስለሆነ ሁሉንም ይዞ ይወጣል። ሲመለስ ግን ከፊሉ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ስለዚህ ቀላሉን ብቻ ይዞ ይመለሳል። የኳርትዝ እፍግታ 2.65፣ የጋርኔት 4 ገደማ፣ የንጹሕ ወርቅ ደግሞ 19.3 ነው። ኳርትዙ ሲሄድ ጋርኔቱና ወርቁ ይቀራሉ። የኖም ቆፋሪዎች ቀይ አሸዋ ሲያዩ ደስ የሚላቸው ለዚህ ነበር፤ ቅላቱ የጋርኔት ነው። እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በረዶው እህሉን ከነግርዱ ተሸክሞ አመጣ፤ ባሕሩ አንገዋለለው።

ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ወደ የብሱ ገባ ይበል። ከአሁኑ ዳርቻ ጀርባ፣ ከባሕር ወለል 11 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ «ሁለተኛው ዳርቻ» የሚባል የተቀበረ ጥንታዊ ዳርቻ አለ። ከ125,000 ዓመታት ገደማ በፊት ባሕሩ ከፍ ባለበት ጊዜ ማዕበል ያንኑ የበረዶ ደለል ቆርጦ የሠራው ነው፤ ወርቅም ተገኝቶበታል። ባሕሩ የቆመበት ቦታ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ቀስቴ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም። ከኖም ፊት ለፊት ባለው የባሕር ወለልም ወርቅ አለ። እሱንም ቢሆን ባሕሩ አልፈጠረውም፤ ግግሩ ከአሁኑ ዳርቻ አልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስለሄደ እዚያም ቲል ጥሏል። ወርቁ ማዕበል ቀላሉን አጥቦ በወሰደበት ጠጠር ላይ ቀርቷል።

አጎቴ አሁንም አልፎ አልፎ «አንተ የተማርክ፣ የት ልቆፍር?» ይለኛል። ቦታውን አላውቅለትም። ዛሬ ግን በፊት ያልነበሩኝ ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ፦ ወርቁን ማን አመጣው? ማንስ አንገዋለለው? ሁለቱ ሳይመለሱ በሬ አይሸጥም።