ከቀለሙ በፊት ግድግዳውን እንይ

በየጁምዓው በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አለ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ሊማሩ የተከተሏቸው የአላህ ደግ ባሪያ ግድግዳውን አቀኑት፤ ዋጋም አልተቀበሉበትም። ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ተቀብሮ ነበር። እኛም ከአባቶቻችን የተረከብናቸው ግድግዳዎች አሉን።

የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ 82 መስጊዶች እንዳሉትና ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ መሆናቸው ተጠቅሷል። እንዲህ ያሉ አሮጌ የድንጋይ ቤቶችን ያቆማቸው ብረት አይደለም፤ የድንጋዩ ክብደትና የግድግዳው ውፍረት ነው። ዋና ጠላታቸውም ውሃ ነው።

ረመዷን ሲመጣ ሰደቃችን ወደ ምንጣፍና ወደ ቀለም ይፈጥናል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀለም ስንጥቅን ይደብቃል እንጂ አይጠግንም። በተራዊሕ ሌሊት ደግሞ ቤቱ በእናቶች፣ በአባቶችና በልጆች ይሞላል።

ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም። በልስኑ ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ በውስጥም በውጭም የሚታይ ግን ሊመረመር ይገባል። ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገን ቀኑን እንጻፍ፤ በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ እንለጥፍ። ቆይቶ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ማዘንበሉን በቱምቢ እንለካ። ሆዱ የተነፋ ግድግዳ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ የውስጡና የውጩ ድንጋይ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። የጣሪያው እንጨት ግድግዳ ውስጥ የሚገባበትም ጫፍ በስብሶ ወይም ምስጥ በልቶት እንዳይሆን እንፈትሽ።

የውዱእ ውሃስ ወዴት ይፈሳል? ከግድግዳው ሥር ከተጠራቀመ መሠረቱን ያላላዋል። በጭቃ ወይም በኖራ የተሠራን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰንም እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ከላይ ያማረው ከውስጥ ይላላል።

ይህ ሁሉ የመሐንዲስን ምርመራ አይተካም። የሚሰፋ ስንጥቅ ወይም የተነፋ ግድግዳ ያየ ጀመዓ ሶላቱን ከግድግዳው ርቆ ይስገድ፤ ለመሐንዲስና ለቅርስ ጥበቃ ኃላፊዎች ይንገር፤ በራሱ አፍርሶ አይሥራ።

የዘንድሮው ሰደቃችን መጀመሪያ ለውሃ መውረጃውና ለምርመራው ይዋል። ምንጣፉ ለዒድ ይደርሳል። አላህ ይቀበለን።